የማይጾም ጥርስ

ኅዳር 10

ዛሬ የአማቴን የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴን የፊት ጥርስ ሞላሁ። ላሊበላ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የሚሞላ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ጥርሱ ከጎኑ ተቦርቡሮ እኩሌታው አልቆ ነበር። አሁን የእግዜሩ የቱ፣ የእኔ የቱ እንደሆነ ሚስቴ ንጋት እንኳ አባቷ ፊት ላይ ተደፍታ ብትፈልግ አልለየችውም።

ስጨርስ ራጅ አንስቼ አሳየኋቸው። «ይቺ ቦግ ብላ የምትታየው ምንድን ናት ልጄ?» አሉኝ። ጠየቁኝ እኮ! እዚህ ወንበር ላይ የሚተኛ ሰው «ያማል?» እና «ቶሎ ያልቃል?» ከማለት በቀር ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ ነገርኳቸው። ይተርቢየም ፍሎራይድ ይባላል አልኳቸው። ነጭ ዱቄት ነው፤ ውሃ አያሟሟውም። ከሙጫ ጋር ተለውሶ ጥርስ ውስጥ ይገባና ሰማያዊ መብራት ሲበራበት ሙጫው ይደርቃል። ይተርቢየም ከባድ ማዕድን ስለሆነ ራጅ አያሳልፍም፤ ለዚህ ነው ፎቶው ላይ ቦግ የሚለው። ነገ ሌላ ሐኪም ቢያየው የተሞላውን ከተበላው ይለያል። ተራውን ብርሃን ግን ልክ እንደ ጥርስ ስለሚያሳልፍ በዓይን አይታወቅም። ፍሎራይዱም በጣም በጥቂት በጥቂቱ እየወጣ ዙሪያውን ጥርስ ከመበላት ይጠብቃል። የዚሁ ወገን ዱቄቶች ሌላ አገር ዓይን የማያየውን ብርሃን ዓይን ወደሚያየው ይለውጣሉ፤ ሐሰተኛ ሰነድ ለመለየት ቀለም ውስጥ ይጨምሯቸዋል። ስሙ የመጣው ደግሞ ከአንዲት የስዊድን መንደር ነው፤ እዚህ አጠገባችን ካለችው ከገነተ ማርያም ብትበልጥ እንጃ አልኳቸው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ጥሩ ቅኔ ሲሰሙም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ሳበቃ «ዕፁብ ነው» አሉ። ረዳቴ ረሒማ ግን በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ ደጅ ያሉት ሰዎች እያረጁ ነው» አለችኝ።

የገና ዕለት ማሜ ጋራ ከሚባለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ዝማሬውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከታች ሆኖ ሲያንጋጥጥ የሚያየው የእኔን ሥራ ነው። ለዚህ ሲባል ብቻ ጥርስ ሐኪም መሆን ያስደስታል።


ኅዳር 12፣ ማታ

ከመሪጌታ ቤት፣ ከሚካኤል ማኅበር መመለሴ ነው። ጠላው ጥሩ ነበር፤ ጨዋታዬ ግን ከጠላውም በለጠ።

ባለ ሆቴሉ የሻው «መሪጌታ፣ ጾሙ ሊገባ ነው። ዘንድሮም እንደ ልማድዎ እስከ ማታ ነው?» አላቸው። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀደምኩ። «እሳቸውማ ይጾማሉ፤ ጥርሳቸው ግን አይጾምም። ቀን ከሌት የሚበላውን አስቀምጬለታለሁ» አልኩ። ከዚያ ስለ ፍሎራይዱ አስረዳኋቸው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሻው የጠጣው ጠላ በአፍንጫው ወጣ። በዕድሜዬ ሰው እንዲህ አስቄ አላውቅም። መሪጌታም የሳቁ መሰለኝ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ስለነበር በደንብ አላየሁም። ስንመለስ ንጋት መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ሲያስተናግዱ መዋል ያደክማል።


ኅዳር 14፣ እሑድ

አንዲት እናት ጥርሳቸው አላስቀምጥ ብሏቸው መጡ። ጠዋት ቆርበዋል። አጽድቼ ስጨርስ ውሃ ሰጠኋቸውና «ይጉመጥመጡና ይትፉ» አልኳቸው። አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘጉ። በእጃቸው ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ አፋቸው አመለከቱኝ። ለካ የቆረበ ሰው ምራቁን አይተፋም። እዚሁ ተወልጄ አድጌ እንዴት ረሳሁት? ረሒማ መምጠጫውን ልታስገባላቸው ብትሞክር እጇን መቱት። የተፈጨውን ጥርስ ከነውሃው ዋጡት።

ከዚያ «ይኸ የምታስገባው ነገር ጾም ነው ፍስክ?» አሉኝ።

«መድኃኒት ነው እናቴ።»

«መድኃኒትም ቅቤ ይገባበታል» አሉና ሳያስሞሉ ሄዱ። ከገና በኋላ እመለሳለሁ ብለዋል።


ኅዳር 19

ፀጉር ቤት ተቀምጬ ፊቴ በሳሙና ተሸፍኗል። አጠገቤ ያሉ ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

«እኚያ የማይጾም ጥርስ ያላቸው መሪጌታ ዛሬ ቅዳሴ ነበሩ?»

«እሳቸው ነበሩ፤ ጥርሳቸው ግን ቁርስ ላይ ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሳቀ። ቀልዱ የእኔ ነው፤ እነሱ ግን አበላሽተውታል። የእኔ ሳይንስ ነበረበት።


ኅዳር 20

መብራት የለም። ዛሬ የገባው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሽንት ቤት ፍለጋ።


ኅዳር 23

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ራጁን፣ የትምህርት ቤት መጽሐፌንና እርሳስ ይዤ ነው የሄድኩት። በር ላይ ተቀበሉኝና በርጩማ ጠርገው «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» አሉኝ።

እርስዎ! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ «አንተ ልጄ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ቢሆንም አስረዳኋቸው። ዱቄቱ እንደማይሟሟ፣ የሚወጣው ፍሎራይድ ከምንጭ ውሃ ውስጥ ካለው እንደማይበልጥ፣ ጥርስ በላ ማለት በምሳሌ መናገር መሆኑን ሥዕል ሥዬ ጭምር አሳየኋቸው። «ይገርማል» ይላሉ። «ተመስገን» ይላሉ። «ገባዎት አባባ?» ብላቸው «እርስዎ አስረድተው የማይገባው ማን አለ? አገሩ ሁሉ ገብቶታል» አሉኝ። ምስጋና ነው ብዬ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ምስጋና መሆኑን ተጠራጠርኩ።

ለንጋት ስነግራት መሐረቧን ፈትታ እንደገና አሰረች፤ ስትናደድ እንደዚያ ታደርጋለች። «አባባን ያመማቸው ዱቄቱ መሰለህ?» አለች። «በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማኅበራቸው ፊት ሰው አሳቅክባቸው። ሃያ ዓመት ያስተማሯቸው ሰዎች ሳቁባቸው።»

ይቺ ሴት ኬሚስትሪ አለመማሯ ነው የጎዳኝ።


ኅዳር 27

መፍትሔ አገኘሁ። ይኸን ያህል ጊዜ እንዴት አልታየኝም?

ምግብ ቤቶቹ ሁሉ በራቸው ላይ «የጾም ምግብ አለ» ብለው ለጥፈዋል። እኔም በትልቁ «የጾም መሙያ አለ» ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩ። ውሸት የለበትም። ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም። የመሙያው ቱቦ ያው የድሮው ቱቦ ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ረሒማ ወረቀቱን ቆማ ብዙ አየችው። «እኛም ዘንድ በሮመዳን ጥርስ መነካካት ይፈራል» አለች። «ግን ሼኹ ካልዋጥሽው ጾም አያስፈጥርም ይሉሻል፣ ነገሩ ያልቃል። እርስዎ ግን ይዋጣል ብለው አወጁ። አሁን ደግሞ የጾም አለ ይላሉ። ወላሂ ዶክተር፣ ይኸ ወረቀት ጣጣ ያመጣል።»

አያመጣም አልኳት። ሰው እንዳይሰማት በቀስታ እንድትናገርም ነገርኳት።


ኅዳር 28

ሰልፍ! እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ። ረሒማን ዛሬ አላናገርኳትም፤ በኩራት የበራ ፊቴን ብቻ አሳየኋት።


ኅዳር 29

ሰልፉ የሚያስሞሉ ሰዎች ሰልፍ አልነበረም። ትናንት ቀድመው የገቡት አስሞልተው ወጡ፤ ከኋላቸው የነበሩት ግን ድሮ የሞላሁላቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ የሻው እየመራቸው ገባ።

«ዶክተር፣ ይኸ የጾም ከሆነ አምና ለእኔ ያስገባኸው ምን ነበር?»

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ለምን አዲስ ወረቀት ለጠፍክ?»

ቱቦውን አሳየሁት። ጽሑፉን አነበብኩለት። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ከመቼ ወዲህ ሰው አሳምኖ ያውቃል? አንዷ ሴትዮ ጉንጯን ይዛ «ሁለት ሁዳዴ! ሁለት ሁዳዴ ከነጥርሴ በላሁ» እያለች አለቀሰች። ያለቀሰችው በእውነት ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት፤ መቅደዴን ሲያዩ ደግሞ «ይኸው፣ ደበቀው» አሉ።


ታኅሣሥ 2

የፈራሁት ደረሰ። የወረቀቱ ወሬ መሪጌታ ጆሮ ገብቷል። ጥርሳቸው ውስጥ ያለው የፍስኩ ነው ተብሎ ነው የተነገራቸው። ዘንድሮ ገናን አልመራም ብለዋል። ከአፋፉ ላይ አይቆሙም፤ ከታች ከሕዝቡ ጋር ነጠላ ተከናንበው ይቆማሉ። ንጋት ናት የነገረችኝ፤ ምግቤን አስቀምጣ፣ ቆማ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

«ይቅርታ ጠይቃቸው» አለች።

ለምኑ? ለፍሎራይድ ባሕርይ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? እውነት ነው የተናገርኩት። በጥቂቱ ይወጣል፤ መጽሐፉም ይላል። ምናልባት «ቀን ከሌት ይበላል» ያልኩት ትንሽ በዝቶ ይሆናል። ትንሽ።

ምግቡ ሽሮ ነበር፤ ጨው አልነበረውም።


ታኅሣሥ 5

እንቅልፍ የለም። እሳቸው ከታች ቆመው ሌላ ሰው ከላይ ሲመራ ታየኝ። ሰውም ያኔ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ እሳቸው ነው የሚያየው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ።


ታኅሣሥ 9

የመሪጌታ የንስሐ አባት አባ ኢያቄም ናቸው። ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ካለች መንደር ይኖራሉ። እሳቸው ከፈረዱ መሪጌታ እሺ ይላሉ ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። እስከ ግማሹ በሞተር፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

አባ ኢያቄም ቅጥር ላይ ፀሐይ እየሞቁ በመፋቂያ ይፍቃሉ። ጥርሳቸውን አየሁት፤ ሙሉ ነው፤ የእኔ ዓይነት ሰው ነክቶት አያውቅም። ጉልበት ስሜ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ይተርቢየምን፣ ሙጫውን፣ ሰማያዊውን መብራት ሁሉ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ምራቅህን ትውጣለህ?» አሉኝ።

«እንዴታ አባቴ።»

«በጾምም?»

«በጾምም።»

«ይኸ የምትለው ነገር ከምራቅ ይበልጣል?»

«ኧረ አይበልጥም። ከምንጭ ውሃ ውስጥ ካለውም ያንሳል። ሚዛን ላይ ቢወጣ ሚዛኑ አያውቀውም።»

«እንግዲያስ ጾሙ አልተፈታም። እግዜር ሚዛን ይዞ በየሰው ጥርስ አይዞርም። ሀብተ ሥላሴን ኢያቄም እንዲህ ብሎሃል በለው።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጉልበታቸውን ደግሜ ልስም ጎንበስ ስል «ቆይ እስኪ» አሉኝ። «ሚዛን የማያውቀው ትንሽ ነገር ከሆነ ቀን ከሌት ይበላል ለምን አልክ?»

«ለማስረዳት ነው አባቴ።»

«ሰዎቹ ምን አሉ? ተረዱ?»

«ሳቁ።»

አባ ኢያቄም መፋቂያቸውን ወደ አፋቸው መለሱ። መንገዱም ሩቅ ስለሆነ ተነሣሁ።


ታኅሣሥ 10

ፍርዱን ለንጋት ነገርኳት፤ እሷ ለአባቷ ነገረች። አሁንም ገናን እመራለሁ አላሉም። ምን ይጠብቃሉ? የጾሙ ጉዳይ አለቀ እኮ!


ታኅሣሥ 14

ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ንጋት ክንዳቸውን ይዛለች። ረሒማ ወንበሩን አዘጋጀች። ተኙና «መሙያውን ያውጡልኝ» አሉ።

«የአባ ኢያቄምን ፍርድ አልሰሙም አባባ?»

«ሰምቻለሁ። እሳቸው የፈረዱት ስለ ጾሙ ነው።»

«ታዲያ ሌላ ምን አለ?»

ጣራውን አዩ። ከዚያ «አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰዉ ጥርሴን ያያል። ስዘምርም፣ ሳስተምርም፣ ስስቅም። አንድ ሰው ጥርሱን እየቆጠረ መዘመር አይችልም» አሉ።

ለመንኳቸው። ፍሎራይድ የሌለበት ሌላ መሙያ አለኝ አልኳቸው። ባዶ ይሁን አሉ። ጥርሱ ሲቀዘቅዝ ያማል አልኳቸው። ይመም አሉ። ንጋትን አየኋት፤ አይታኝ አንገቷን ደፋች።

አወጣሁት። ያን የመሰለ ሥራዬን በገዛ እጄ ፈጨሁት። ነጩ ብናኝ ከንፈራቸው ላይ ሲቀመጥ ረሒማ በጥጥ ጠረገችላቸው። ሊያልቅ ሲል መፍጫው አመለጠኝና የጥርሱ ጥግ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እዚህ ልጻፈው እንጂ ለማንም አልናገርም፤ ሐኪም ሆኜ መፍጫ እንደዚያ ሲያመልጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ተነሥተው ምራቃቸውን በጨዋ ደንብ ተፉና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ዚ ላይም ስ ላይም ፉጨት ወጣ። ሦስታችንም ሰማን።


ታኅሣሥ 16

ገናን እመራለሁ ብለዋል። ይኸን ስሰማ መደሰት ነበረብኝ። ግን ያፏጫሉ። ንጋት ቤታቸው ሄዳ ሲለማመዱ ሰምታቸዋለች። ስ ሲሉ ያፏጫል፣ ዘ ሲሉ ያፏጫል፣ ጸ ሲሉማ ማሰሮ የፈላ ይመስላል አለችኝ። በአንድ ሳቅ ታመው ነው እዚህ የደረሱት። ሁለተኛውን፣ ያውም በገና፣ ያውም ከዚያ አፋፍ ላይ፣ እንዴት ይችሉታል?

ኧረ ምን አፌን አስከፈተኝ።


ታኅሣሥ 21

የገና እንግዳው መግባት ጀምሯል። መንገዱ ለመኪና እንደ ድሮው ባይሆንም በእግሩ የመጣው ብዙ ነው። ክሊኒኩ ባዶ ነው። ረሒማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትምህርቷን ታጠናለች። እኔ መስኮት ላይ ነኝ። አላፊው ሁሉ ወደ ክሊኒኩ በር ጠቆም እያደረገ ይሄዳል።


ታኅሣሥ 26

ለንጋት ገናን ጎንደር ካሉ ጓደኞቼ ጋር ላሳልፍ አልኳት። «አትሄድም» አለች። «ቆመህ ትሰማለህ።»


ታኅሣሥ 29፣ ማታ

ቆሜ ሰማሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ሕዝቡ እንደቆመ ነበር። ሲነጋ ካህናቱ ነጭ ለብሰው በአፋፉ ላይ ተደረደሩ፤ ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ቆሙ። መሪጌታ መሐል ላይ ናቸው። እኔ ከሕዝቡ ውስጥ፣ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ንጋት እጄን ይዛለች፤ ልታጽናናኝ ነው እንዳልሸሽ ይዛኝ ነው አላውቅም።

ጀመሩ። የመጀመሪያው ዘ ሲመጣ ፉጨቱ እንደ ዋሽንት ወጣ። ጠላታችሁ እንዲህ ይሁን። አጠገቤ ያለ ሰው ቀና አለ። አሁን ይስቃል አልኩ። አሁን ሁሉም ይስቃል አልኩ። መሪጌታ ራሳቸውም ለአፍታ ቆም ያሉ መሰለኝ። ከዚያ የሆነውን እንዴት ልጻፈው? ፉጨቱን አልደበቁትም። ጎተቱት። በሁለተኛው ዘ ላይ ከፍ አደረጉት፤ በሦስተኛው ላይ ሰበሩት።

ከታች ያሉት ደግሞ ተቀበሏቸው። ከነፉጨቱ! የተቀባይ ሥራው መሪው ያለውን እንዳለ መመለስ ነው። መሪጌታ ቢያስሉ ሳሉን ይመልሳሉ፤ ከልጅነታቸው የተማሩት እንደዚያ ነው። ያ ሁሉ ጎልማሳ ጥርሱን ገጥሞ በክፍተቱ አየር እያሾለከ አፏጨ። ከበሮው ገባ፣ ጸናጽሉ ገባ፣ ሕዝቡ እልል አለ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ እንባውን እየጠረገ «ይኸ የጥንት ነው። እንዲህ ያለ ዜማ አሁን የለም» አለኝ።

የለም አልኩት። ከታኅሣሥ 14 በፊት አልነበረም አላልኩትም።


ጥር 3

የገናውን ዝማሬ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ለቆት አገር ምድሩ ይቀባበለዋል። ከአዲስ አበባ መጣሁ የሚል ተመራማሪ የሻው ሆቴል አርፎ «ለዘመናት ጠፍቶ የነበረ የላስታ ስልት ተገኘ» እያለ ያወራል። ሦስት ነጥብ ያለው አዲስ የዜማ ምልክትም አውጥቶለታል። የሻው ራሱ «እኔማ ድሮ አውቀው ነበር» ይላል። የማይጾም ጥርስ የሚል ሰው አሁን አይሰማም።

መሪጌታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል። ተማሪዎቻቸው ከኋላ እያፏጩ ይከተሏቸዋል። «እንዴት አደሩ?» አሉኝ። አሁንም እርስዎ ነኝ።


ጥር 8

ዲያቆን ደሳለ ዛሬ መጣ። የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ነው፤ ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል ይሉታል። ተኝቶ አፉን ከፈተ። እንዲህ ያለ ጥርስ አይቼ አላውቅም፤ መጽሐፍ ላይ ለሥዕል የሚሆን ነው።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«አያመኝም ዶክተር። ይቺን የፊቷን ጥግ ይስበሩልኝ።»

«ለምን?»

«የመሪጌታን ስልት ላወጣው አልቻልኩም። ከንፈሬን አጣመምኩ፣ ምላሴን አጠፍኩ፣ እምቢ አለኝ። አፋቸውን አስተውዬ አየሁት። ምሥጢሩ እዚያች ላይ ነው።»

ይኸ ልጅ ትክክል ነው። አገሩ ሁሉ ያላየውን አይቷል። ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ስልት አይደለም፣ የተሰበረ ጥርስ ነው፣ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ያፏጫል፣ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ማኅበሩ ታየኝ። ይኸን ብናገር ነገ በየፀጉር ቤቱ ነው። «የጥንት ስልት» ያሉት ሁሉ «ቀዳዳ ነው እንዴ?» ብለው በእሳቸው ይስቃሉ። ደግሞም ከእኔ አፍ ወጥቶ።

ዘጋሁት። አፌን ማለቴ ነው። «ጤነኛ ጥርስ አልነካም» ብቻ አልኩ።

ደሳለ ተናዶ ተነሣ። «ለአማትዎ ሲሆን ይነካሉ። ግድ የለም፣ ፍላቂት ከተማ ላይ ጥርስ የሚነቅል ሰው አለ። ከጥምቀት በኋላ እሄዳለሁ።»

ያን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ጥግ ስበር ቢሉት መንጋጋ ነው የሚያወልቀው። ረሒማ «ይንገሩታ! ምን ይጠብቃሉ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንገር ተባልኩ፤ አልቻልኩም።


ጥር 10

ብናገር የመሪጌታ ክብር ነው። ዝም ብል የልጁ ጥርስ ነው። እህል አልወርድ አለኝ። ንጋት አይታኝ «ምን ሆነሃል?» አለች። ነገርኳት። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የነገሩ ባለቤት አባባ እያሉ» አለች።


ጥር 13

ጥምቀትም ቃና ዘገሊላም አለፈ። ደሳለ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ፍላቂት ሊሄድ ነው።

መሪጌታ ቤት ሄድኩ። መጽሐፍ አልያዝኩም፣ ራጅ አልያዝኩም። ከጎጆው ጀርባ ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ፤ ፉጨቱ ከሩቅ ይሰማል። ጠርቼ ለብቻቸው አናገርኳቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን በማኅበሩ ላይ ሰው ያሳቅሁብዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እንዲህ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀጥዬም «ደሳለ እንደ እርስዎ ላፏጭ ብሎ ጥርሱን ሊያሰብር ፍላቂት ሊሄድ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። ምን ቢያደርጉ ይሻላል አላልኩም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ተማሪዎቹ አዩ። እዚያ ያለው ሁሉ ከገና ወዲህ እንደ መልአክ ነው የሚያያቸው። ቀጥለው ያደረጉትን እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። እውነቴን ነው፤ ልጁ ጥርሱን ይጣው ብዬ ዝም እል ነበር።

ሄዱና መሐላቸው ቆሙ። «ደሳለ፣ ና ቅረብ» አሉት። አፋቸውን በሰፊው ከፈቱና በጣታቸው አሳዩት። «ግባና እይ። ይኸ ስልት አይደለም፤ ቀዳዳ ነው። አማቼ ሞልቶልኝ ነበር፤ ተቆጥቼ አስወጣሁት። የሚያፏጨው ነፋስ ነው። እናንተም ይኸን ያህል ጊዜ ነፋስ ስትቀበሉ ከረማችሁ።»

ደሳለ አጎንብሶ ቀዳዳውን አየ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ አፉን ያዘ። መሪጌታ ወደ እሱ ዞረው «ስቅ እንጂ! እኔ ማታ ማታ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የምተኛው» አሉና እሳቸው ቀድመው ሳቁ፤ ሳቃቸውም እያፏጨ። ጎጆው፣ ግቢው፣ ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ደሳለ የገዛ ጥርሱን በጣቱ እየነካካ ይስቃል።

እኔ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። ሳቁ ያው የማኅበሩ ዕለት ሳቅ ነው፤ ግን ያው አይደለም። ንጋት ስትነግረኝ የከረመችው ይኸን ነበር ለካ። አሁን እሳቸው ሲስቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አላደረጉም።

መሪጌታ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ። «ምነው ልጄ፣ አንተስ አትስቅም? ያንተም እጅ አለበት እኮ።»

አንተ አሉኝ። ልስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ሊያስሞሉት ይመጣሉ። ንጋት «አደራህን፣ አሁን ደግሞ ምንም እንዳትነግራቸው» ብላኛለች። እሳቸው ግን በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ስለዚያ ዱቄት ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ እንድነግራቸው ለመኑኝ።

«ቀስ ብለህ» አሉኝ። «ለእኔ ብቻ።»